የፕላስቲክ ሙያና የጎጃም ወጣት

በደብረ ማርቆስ ገበያ ዞር ዞር ብሎ የተመለከተ ሰው የዘመናችን ዕቃ ከምን እንደሚሠራ ለማወቅ አይቸገርም። ውሃው በጀሪካን ይቀዳል፤ ጤፉና በቆሎው ከፕላስቲክ ክር በተሸመነ ማዳበሪያ ይጫናል፤ ዘይቱ በፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣል፤ ጫማውም፥ ወንበሩም፥ የውሃ ቧንቧውም ያው ፕላስቲክ ነው። እንስራና ስልቻ ወደ ዳር እየተገፉ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ ዕቃ ገዢ ብዙ ሆኖ ሳለ፥ አሠራሩን የሚያውቅና የፋብሪካው መኪና ሲቆም የሚያስነሣ ባለሙያ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሙያና ሙያው ሊሰጥ ስለሚገባበት አኳኋን በዛሬው ጽሑፋችን ጥቂት ለማለት አስበናል።

ነገሩን አስቸኳይ የሚያደርገው የወጣቱ ዕድል ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶው ተማሪ ከዘጠና የሚበልጠው ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ደብረ ማርቆስ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅን በመሰሉ ተቋማት በር ላይ ይቆማሉ። ከዩኒቨርስቲ ከወጣን ገና ጥቂት ጊዜ የሆነን እኛም፥ በተማሪነታችን ዘመን የሙያ ኮሌጅን የወደቀ ሰው መጠጊያ አድርገን እናይ እንደ ነበር ሳንሸሽግ እንናገራለን። የዚህ ንቀት ሥሩ ሩቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ መቶ ዓመት ሲያልፈው ስድቡ ቃሉን ለወጠ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም።

የቴክኒክ ትምህርት ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ሲከፈት ባሕር ዳር በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበረች። የጨርቃ ጨርቅ ሙያ የሚያስተምረው ተቋምና የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ይህ ጉርብትና ለዛሬም ምሳሌ ስለሚሆነን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አስቀድሞ ግን ሙያው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ፕላስቲክ ከሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው እንደ ሰም ያለ ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፥ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፥ እንደ ገና ቢሞቅ እንደ ገና ይለሰልሳል። ጀሪካን፥ ማዳበሪያና ቧንቧ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው እንደ ሸክላ ያለ ነው፤ የተተኮሰ ጀበና ወደ ጭቃነቱ እንደማይመለስ ሁሉ፥ ይህም አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ ወደ ቀድሞ ጠባዩ አይመለስም። ከዚህ ወገን ባለው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የመስታወት ወይም የካርቦን ክር ሲጨመርበት ኮምፖዚት የሚባለው ድብልቅ ይገኛል። ስሙ ባዕድ ይምሰል እንጂ ሐሳቡን የጎጃም ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጤፍ ጭድንም ብቻውን ነፋስ ይወስደዋል፤ ሁለቱ አብረው ሲቦኩ ግን ግድግዳ ይሆናሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 አውሮፕላንም አካሉ በክብደት ግማሽ ያህሉ በዚህ ዘዴ ከተገኘ ድብልቅ የተሠራ ነው።

ወደ ፋብሪካው ሥራ ስንመጣ፥ ጀሪካን የሚሠራው የለሰለሰው ፕላስቲክ በቱቦ መልክ ወርዶ በሁለት የብረት ቅርጾች መካከል ከተያዘ በኋላ እንደ ፊኛ ሲነፋ ነው። ወንበር ደግሞ የቀለጠው ፕላስቲክ በኀይል ተገፍቶ በተዘጋ ቅርጽ ውስጥ ሲሞላ ይገኛል። በሁለቱም የዕቃውን መልክ የሚወስነው ሞልድ የሚባለው የብረት ቅርጽ ነው። ከዚህ በፊት በአንድ የሙያ ኮሌጅ ወርክሾፕ ሸራ ለብሶ የቆመ የፕላስቲክ መኪና አይተን ነበር። መኪናው ተገዝቷል፤ ሞልድ ግን አብሮ አልተገዛም። ሠልጣኞቹ የመኪናውን ሥዕል በደብተራቸው ነድፈው የክፍሎቹን ስም በቃላቸው ይዘዋል፤ በእጃቸው ግን አንዲት የጠርሙስ ክዳን እንኳ አልሠሩም። እንዲህ ያለው ወጣት የምስክር ወረቀቱን ይዞ ፋብሪካ ሲገባ የሚያፍረው እርሱ ነው፤ ማፈር የነበረበት ግን የግዢውን ዝርዝር የፈረመው ሰው ነው።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው፤ የፕላስቲክ ሙያ ትምህርት ከሞልድ ይጀምር። ቶርኖና ፍሬዛ ባለበት የብረታ ብረት ክፍል ሠልጣኙ አንድ ትንሽ የክዳን ሞልድ ቆርጦ ቢያወጣ፥ የተጎዳውንም መጠገን ቢማር፥ የመኪናው ጠባይ ከመጽሐፍ ይልቅ በእጁ ይገባዋል። ሞልድ የሚጠግን ሰው ለፕላስቲክ ፋብሪካ ሁሉ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ቢለወጥ እንኳ ሥራው አይቀርም።

ቀደም ብለን ያነሣነው ጉርብትና የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ የደብልዩ ኤ፥ በቡሬ ደግሞ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። ዘይት ያለ ዕቃ ገበያ አይወጣም። ኮሌጅና ፋብሪካ በአንድ ከተማ ከተገኙ፥ የትብብር ሥልጠና የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ፋብሪካ መግባት ያለበት ሠልጣኙ ብቻ አይደለም፤ አስተማሪውም በየክረምቱ ገብቶ እጁን ያፍታታ። ገበሬውም ገበያ ነው። እህልን ከነቀዝ የሚጠብቀው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ከውጭ ማዳበሪያ፥ ከውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች ነው፤ አየር እንዳይገባ ሲታሰር ነቀዙ ያለ መድኃኒት ታፍኖ ይሞታል። የመስኖ ቧንቧና የውሃ ታንከርም እንዲሁ ይፈለጋሉ።

የሚሠለጥኑበትን ዕቃ መምረጥ ግን ግድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ገድቦ ነበር፤ አፈጻጸሙ ደካማ ሆኖ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ፌስታል መሥራት ብቻ የተማረ ወጣት ሙያው በሕግ ይዘጋበታል ማለት ነው።

ጥሬ ዕቃውስ ከውጭ አይደለም ወይ? የሚል ጥያቄ ይነሣል። እውነት ነው፤ ዶላሩም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ተወድዷል። መፍትሔው በከፊል ከየመንገዱ ላይ ወድቆ ይገኛል፤ የወደቀውን ፕላስቲክ ለይቶ፥ አጥቦና ፈጭቶ እንደ ገና መሥራት ይቻላል። መለየቱ ራሱ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው የቧንቧ ፕላስቲክ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው የአሲድ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፥ ሞልዱንም ያዝጋል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የደረሰው የጸጥታ መደፍረስ መንገዱንም ትምህርቱንም እንዳወከ የማያውቅ የለም። ያለ ሰላም ወርክሾፕ አይከፈትም። ሆኖም የሥልጠናውን ዕቅድ አስተካክሎ ለማዘጋጀት ጊዜው ዛሬ ነው።

በየጽሕፈት ቤቱ ላላችሁ ወጣት ሹማምንት የምናሳስበው አንድ ነገር ነው፤ የመኪና ግዢ ሰነድ ፊታችሁ ሲቀርብ፥ ከመፈረማችሁ በፊት ሞልዱ፥ መለዋወጫውና አስተማሪው የት እንዳሉ ጠይቁ። ለተማሪዎችም፥ ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ ሠሪው ግን ተምሮ ይገኛል እንጂ ከመኪናው ጋር ተጭኖ አይመጣም።