እርዳታን የማፈላለግ ሸክም ከችግረኛው ላይ ይውረድ

አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ሥራ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ዛሬ በሕግና በአሠራር የሚገቧት ድጋፎች ጥቂት አይደሉም። የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆቿ ቁርስና ምሳ እዚያው ይመገባሉ። የጤና መድኅን መዋጮ መክፈል ካቃታት መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ። በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ታቅፋ ጽዳትና አረንጓዴ ልማት ላይ ልትሠራ ትችላለች፤ ከምታገኘውም 20 በመቶውን ትቆጥባለች። ሕመም ወይም አካል ጉዳት ከሥራ ካገዳት ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባለው አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ቁጭ አድርጎ የሚነግራት ሰው ግን የለም።

ስለ ምገባው ትምህርት ቤቱን፣ ስለ መድኅኑ ጤና ጣቢያውን፣ ስለ ሴፍቲኔቱ ወረዳውን ትጠይቃለች። በየደረሰችበት በመጀመሪያ የምትጠየቀው የነዋሪነት መታወቂያ ነው። ከገጠር የመጣች ከሆነ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌዋ መሸኛ ማምጣት ይኖርባታል። ለመሸኛው የመሳፈሪያ ብር ያስፈልጋል፤ ከሥራ መቅረትም አለ። ለቀን ሠራተኛ አንድ ቀን መቅረት የልጆቿ እራት ነው። መሸኛው ቢገኝ እንኳ አከራይዋ በቤቱ አድራሻ እንድትመዘገብ ላይፈቅድ ይችላል። ልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለው ሌላ ወረፋ ይጠብቃታል። የመድኅን ምዝገባ ወቅት ደግሞ እስከዚያ አይጠብቃትም።

አገራችን በዚህ መስክ የሠራችው ቀላል አይደለም። የገጠሩ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሚሊዮኖችን ደግፏል፤ የከተማው በ11 ከተሞች ተጀምሮ ወደ ሌሎችም ሰፍቷል። በ2007 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጸድቋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ወይም አሳዳጊ ላጡ ሕፃናት እንክብካቤ ማድረግን፣ አቅም በፈቀደ መጠን፣ የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። ግዴታ የሆነን ነገር ባለመብቱ እየዞረ እንዲለምነው ማድረግ ተገቢ አይደለም።

የሴፍቲኔቱ የምልመላ ሥርዓትም ሊፈተሽ ይገባል። ተጠቃሚዎችን የሚለየው የሰፈሩ ኮሚቴ ነው፤ ስም ዝርዝሩ ለነዋሪው ይፋ ሆኖ ቅሬታ እንዲሰማም ታስቧል። በመርሕ ደረጃ ጥሩ አሠራር ነው። ሆኖም ኮሚቴው የሚያየው የሚያውቀውን ሰው ነው። ኪራይ በተወደደ ቁጥር ሰፈር የምትቀይር እናት ለየትኛውም ኮሚቴ እንግዳ ናት። ቅሬታ ማቅረብ ደግሞ ዝርዝሩ መውጣቱን ማወቅን ይጠይቃል።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው፦ ችግረኛውን ፈልጎ ማግኘት የወረዳው ሥራ ነው። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ በየትኛው ቤት ሕፃን እንደሚራብ ያውቃሉ። ያዩትን ለወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የሚያስተላልፉበት፣ ባለሙያውም ምላሽ የመስጠት ግዴታ ያለበት አሠራር ይዘርጋ። መታወቂያ ለሌላቸው ቤተሰቦች የእድር ወይም የጎረቤት ምስክርነት በጊዜያዊነት ይያዝላቸው፤ መሸኛውንም ወረዳዎቹ ራሳቸው ይላላኩት። ማን ምን ማግኘት እንደሚችል፣ የት ቀርቦ፣ ምን ይዞ፣ እስከ መቼ የሚለው በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ በር ላይ በቀላል ቋንቋ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉ በእድር ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ይነገር።

ይህ እስኪሆን አንባቢያችንም የድርሻዎን ይወጡ። በግቢዎ ወይም በሰፈርዎ እንዲህ ያለች እናት ካለች ያለውን ድጋፍ ይንገሯት፤ ምስክር ካስፈለጋትም ወረዳ ድረስ አብረዋት ይሂዱ።