አሮጌውን ዕቃ መልሱልን

መኪና ቦታ መርጦ ነው የሚበላሸው። ጋራዥ በር ላይ የቆመ መኪና አይቼ አላውቅም። የእኔዋም ስትመርጥ ዘንገናን መረጠች።

በ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር እየሄድን ነበር። ቡሬን አልፈን፣ ቲሊሊን ጥለን ዳገቱን ስንያያዘው የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋች። እንጅባራ ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረን፣ ልክ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ ከሞተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ባለቤቴ ወርዳ ሐይቁን አየችና «መቼም ከቆሙ አይቀር እዚህ ነው መቆም» አለች። እውነቷን ነው። ደን የከበበው፣ ክብ፣ ጸጥ ያለ ውሃ። ችግሩ፣ ውበት ራዲያተር አይሞላም።

የአካባቢው ገበሬዎች ደረሱልን። መኪናዋን ገፍተው ከአስፋልቱ ዳር አወጡልን፤ ውሃ በጀሪካን አመጡልን። ገንዘብ ላወጣ ኪሴ ስገባ «ምን አደረግንና?» ብለው ተቆጡኝ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ጎታች በስልክ ተጠራ። ስም አልጠራም፣ ከተማውንም አልናገርም፤ ጉዳዬ ከአንድ ጋራዥ ጋር አይደለምና። ጎታች የተባለው አንድ ያረጀ አይሱዙና አንድ ወፍራም ገመድ ነው። በስልክ የተስማማንበት ዋጋ ልጆች መያዛችንን፣ ፀሐይዋም ማዘቅዘቋን ሲያይ አደገ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሺ አልኩ። ጋራዡ ደጃፍ ስንደርስ ደግሞ የገመድ፣ የረዳት፣ የዳገት እየተባለ ተጨመረበት። የዳገት! ዳገቱን እኔ የሠራሁት ይመስል።

መካኒኩ ጎንበስ ቀና አለና «ጋሼ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነዷል» አለኝ። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቅኔ ቢዘረፍ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት እሞክራለሁ። የጋራዥ ቅኔ ግን አሸነፈኝ። ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፤ ከጣሊያንኛ ወርሰናቸው ባለሙያው ብቻ የሚፈታቸው ቃላት ናቸው። እሱ ይናገራል፣ ባለመኪናው ራሱን ይነቀንቃል። ሰሙ «ጓርኒሲዮን» ነው፤ ወርቁ የእኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሁለት ሌሊት አልጋ ይዘን አደርን። ከፈልኩ። የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን ልየው ብል «ተጥሏል» ተባልኩ። ደረሰኝ ብል «በደረሰኝ ከሆነ ሂሳቡ ሌላ ነው» ተባልኩ። ዝም አልኩ። ይቺን ዝምታዬንም ያዙልኝ።

ባሕር ዳር ስንገባ ደግሞ ማርሹ መንሸራተት ጀመረ። ወዳጆቼ አንድ ወጣት መካኒክ ዘንድ ወሰዱኝ። ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ይሄ ቴስታታ ተፈትቶ አያውቅም። ብሎኖቹ ላይ ያለውን የዓመታት አቧራና ዘይት ይዩት። የተቀየረው ይቺ የራዲያተር ቱቦ ብቻ ናት» አለኝ። ቀጥሎም «በገመድ ተጎትታ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፤ የሚነዷትም የፊት ጎማዎቿ ናቸው። እንዲህ ያለች መኪና ሞተሯ ጠፍቶ፣ የፊት ጎማዎቿ መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ስትጎተት ዘይቱን ወደ ካምቢዮው የሚገፋው ፖምፓ አይሠራም። ካምቢዮው በደረቁ ይፋጫል። ወይ ፊቷ ተነሥቶ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ተጭና መሄድ ነበረባት። እንግዲህ ለመጎተቷ ከፈልኩ፤ በመጎተቷ ለተበላሸውም ከፈልኩ።

ያ ወጣት ሥራውን ሲጨርስ፣ ሳልጠይቀው፣ የፈታቸውን ዕቃዎች በጋዜጣ ጠቅልሎ «ይኸው አሮጌው» ብሎ እጄ ላይ አኖረልኝ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለዚያች ጥቅል ነው።

«መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው» የሚለው ወሬ የሰነፍ ወሬ ነው። ባለሙያን በጅምላ መስደብ እኛ ዘንድ ስር የሰደደ በሽታ ነው። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ስንል፣ ሸማኔውን በሙያው ስንነቅፍ የኖርን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በእኚሁ ንጉሥ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው ከመካኒኳ ጋር ነበር። መኪናና መካኒክ ያኔም አይነጣጠሉም፣ ዛሬም። ስለዚህ ክሴ በሙያው ላይ አይደለም። ክሴ ሥራው ያለ ወረቀትና ያለ ማስረጃ በመሠራቱ ላይ ነው።

ጋራዦቹ መልስ አላቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ እንደናረ ይነግሩናል። ባለመኪናው ራሱ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ያመጣና ሲሰበር መካኒኩን ይከስሳል ይላሉ። አሠርቶ ሳይከፍል የሚጠፋም አለ። ሁሉም እውነት ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ ከእነዚህ ቅሬታዎች ወረቀት የማይፈታው የትኛው ነው? ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና፣ ዕቃውን ማን እንዳመጣው፣ ምን ያህል እንደቀረ የተጻፈበት አንድ ገጽ መካኒኩንም ያድነዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች ጋራዥ ሳያዩ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ የተረከበ ሰው በራሱ ኃላፊነት ውጤቱን እንዲያስረክብ ያስገድዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፣ ነጋዴውም ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው። የሚጠይቀውም እኔና እርስዎ ነን። «ያለ ደረሰኝ ስንት ታደርግልኛለህ?» እያልን መካኒኩን ያስተማርነው ማን ሆነና! ዝም ባልኩባት በዚያች ደቂቃ የማጭበርበሩ ሸሪክ ነበርኩ።

አሁን ወደ ገበሬዎቹ ልመለስ። «ድሮ እኮ መተማመን ነበር» የሚሉ ሰዎች እነሱን ይጠቅሱልኝ ይሆናል። ገበሬዎቹ ግን ሒሳብ አልነበራቸውም። ሰው በነፃ ሲረዳዳ ቃል ይበቃዋል። ገንዘብ መካከል ሲገባ፣ አንዱ አዋቂ ሌላው ደንቆሮ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ደንቆሮው መንገድ ዳር ቆሞ ሲመሽበት፣ መተማመን ብቻውን አያድንም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ግጭት ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ መንገድ ዳር ማምሸት ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። የፈራ ሰው ዋጋ አይከራከርም።

ነገሩ ወደፊት ይብሳል እንጂ አይሻልም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። እሱም የሚነዱት ጎማዎች መሬት እየነኩ በገመድ መጎተት ለሞተሩ አደጋ ነው፤ ተጭኖ ነው መሄድ ያለበት። ነገ «ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል» ስንባል ምን እንመልሳለን? ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው። የዛሬው ጓርኒሲዮን የልጆች ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሞተሩ ሳይከፈት ዋጋው በጽሑፍ ይሰጠን፤ የጎታች ሒሳብም በኪሎ ሜትር ተተምኖ በር ላይ ይለጠፍ። የተፈታው ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ ይመለስ። ሥራው ለምን ያህል ጊዜ ዋስትና እንዳለው የሚገልጽ ደረሰኝ ይቆረጥ። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ካለ ለወዳጅ ዘመድ እንንገርለት፤ ሁለት መቶ ብር ቢያስጨምረንም ወደሱ እንሂድ። ንግድ ቢሮውም ከግብር ውጭ ሌላ ነገር ሊጠይቅ ጋራዥ ደጃፍ ይታይ።

የዘንገና ሐይቅ ጥልቀት እንኳ ተለክቶ 166 ሜትር ተብሏል። የጋራዥ ሒሳባችን ግን እስከ ዛሬ ልክ አልተገኘለትም። መለካት ከየት እንደሚጀመር ያ የባሕር ዳር ልጅ አሳይቶኛል፤ አሮጌውን ዕቃ በመመለስ።