የዘበኛው ሂሳብ

በቁስቋም ሠፈር ዘበኛ የሚቀጥር ሰው አስቀድሞ ደመወዙን ይነጋገራል። በወር ይህን ያህል ተብሎ ከተስማሙ በኋላ ዘበኛው ሌሊቱን አንድ ጊዜም ዞረ አሥር ጊዜ፣ ሂሳቡ ያው ነው። ዛሬ የማነሣው ዘበኛ ግን ጠባዩ ለየት ይላል። የሚከፈለው በጻፈው ልክ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይጽፋል፣ በጻፈም ቁጥር ያስከፍላል፤ ያውም በዶላር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛው ዘንድ ተመርቆ የወጣ አንድ ባልንጀራችን በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ያስተምራል። የትምህርት ቤቱን ሮስተር፣ የወላጆችን ስልክና የተማሪዎቹን ፎቶግራፍ ወደ ክላውድ ያዛወረው እሱ ነው። ክላውድ ማለት ላልሰማ ሰው፣ በሌላ ድርጅት የኮምፒዩተር ማእከል ውስጥ በኪራይ መሥራት ማለት ነው። ባልንጀራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ሰምቶ ነበርና፣ ማን ምን እንደለወጠ እየመዘገበ ከደንብ የወጣውን የሚያሳየውን አገልግሎት ከፈተ። «ሁሉንም መዝግብ» የሚለውን መረጠና ሄዶ ተኛ። ወሩ አልቆ ቢሉ ሲመጣ ርእሰ መምህሩ «ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አሉ፤ በዚያው ቀን ይዘጋ ተብሎ ተዘጋ።

እኔ በበኩሌ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ። ባልንጀራችን ሳያሰላ መክፈቱ ጥፋት ነው፤ ርእሰ መምህሩ ሳያሰሉ ማዘጋታቸው ግን ይብሳል። የልጆቹ ፎቶግራፍ ያለበት ማኅደር ነገ በስሕተት ለማንም ክፍት ሆኖ ቢያድር «ኧረ ተው!» የሚል የለምና።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበትን የአማዞንን ክላውድ እንውሰድ። እ.አ.አ. በ2014 የጀመረው ኮንፊግ የሚባል የምዝገባ አገልግሎት አለው። በታተመው የዋጋ ዝርዝር መሠረት ለውጥ በተደረገ ቁጥር ለሚጻፈው አንድ መዝገብ 0.003 ዶላር ያስከፍላል። መዝገቡ ከደንብ ጋር ሲመሳከር፣ ማለት «ይህ ማኅደር ለሕዝብ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?» ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር፣ እስከ 100,000ኛው ድረስ ለያንዳንዱ 0.001 ዶላር ይጨመራል። የተጻፈው የሚቀመጥበት ቦታ ኪራይ ለብቻው ነው።

«ይቺማ ምን አላት!» ትሉ ይሆናል። ባልንጀራችንም ያለው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ ያህል የተማሪዎችን ካርድ ለማዘጋጀት በየሰዓቱ 10 ማሽን እያስነሣ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ እንበል። ማሽን ብቻውን አይመጣም፤ ዲስኩንና የኔትወርክ መገናኛውን ይዞ ነው የሚመጣው። ሦስቱም ሲወለዱ ይጻፋል፣ ሲሞቱም ይጻፋል። በቀን 240 ማሽን በስድስት መዝገብ 1,440፣ በ30 ቀን 43,200 ይሆናል፤ 129.60 ዶላር መሆኑ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ በሁለት ደንብ ቢመሳከር 86.40 ዶላር ይታከልበታል። ድምሩ 216 ዶላር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ 12,312 ብር ነበር፤ ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 32,400 ብር ይደርሳል። የመምህር ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ያመዛዝነው። የሚያናድደው ደግሞ ይህ ሁሉ የወጣው ከሰዓት በኋላ ለማይገኙ ማሽኖች መሆኑ ነው፤ የልጆቹ ማኅደር በወሩ ውስጥ ምናልባት ሁለት ጊዜ እንኳ አልተለወጠም።

እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ይገባል። እኛ መምህራን የስም መጥሪያ ደብተር እንይዛለን። ጧት አንድ ጊዜ ስም ጠርተን እንጽፋለን እንጂ ልጁ ሽንት ቤት በሄደና በተመለሰ ቁጥር አንጽፍም። እ.አ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ይህ አገልግሎትም እንደኛ በቀን አንድ ጊዜ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። ዋጋው ግን ለአንድ መዝገብ 0.012 ዶላር፣ አራት እጥፍ ነው። እንግዲያው በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ለሚለዋወጥ ነገር የቀኑ ምዝገባ ይረክሳል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚለወጥ ነገር በየለውጡ መጻፉ ይሻላል። ይህ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ነገር ግን በቀን አንድ ጊዜ የሚጽፍ ዘበኛ እኩለ ቀን ላይ ገብቶ ከምሽቱ በፊት የወጣውን ሌባ ላያየው ይችላል። ስለዚህ የተማሪ ማኅደርንና «ማን ምን መክፈት ይችላል» የሚለውን ፈቃድ በየለውጡ፣ ተነሥተው የሚጠፉትን ማሽኖች በቀን አንዴ ወይም ጨርሶ አለመጻፍ ያስኬዳል ባይ ነኝ።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር፣ አገልግሎቱ የሚከፈተው በየአካባቢው ነው። እ.አ.አ. በ2020 የተከፈተው የኬፕታውን ማእከል አንዱ አካባቢ ነው። ሥራው ኬፕታውን ብቻ ሆኖ መዝጋቢው በአሥር አካባቢ ከተከፈተ፣ የተጠቃሚዎች ስምና ፈቃድ አንድ ለውጥ በበርካታ ደብተር ሊጻፍ ይችላል፤ ለሁሉም ይከፈልበታል።

«ይህን ቴክኒሺያኑ ይወቀው» የሚሉ አሉ። ቴክኒሺያኑ ቁልፉን ያውቃል፤ የትኛው መረጃ ለልጅና ለወላጅ አደጋ እንደሚያመጣ የሚያውቀው ግን መምህሩ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል። የማንንም ብንከራይ፣ ውል ሳንፈርም በፊት በምን ቆጥሮ እንደሚያስከፍለንና ክፍያው በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። በዚህ ተቋም በሚሰጠው የኮምፒዩተር ትምህርት ውስጥ ቢል ማንበብ ለምን አይገባም? አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል።

ባልንጀራችን ሰሞኑን ደውሎልኝ ነበር። ማኅደሮቹን፣ የተጠቃሚዎችን ፈቃድና የኔትወርክ በሮቹን ብቻ ለመመዝገብ አስቦ አሰላው። በወር 200 ለውጥ፣ ለያንዳንዱ ሁለት ማመሳከሪያ፤ የማስቀመጫውን ኪራይ ሳይጨምር አንድ ዶላር ሆነለት። በብር ተርጉሞ፣ በወረቀት ጽፎ ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኑሮታል። እስካሁን አልፈረሙበትም።