የሕዝብ ጤና ገንዘብና የሥራ አስኪያጆች ደመወዝ

ጤና ለሠርቶ አደሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ባለሀብቱ ቢታመም ሀብቱ ይሠራለታል፤ ላብ አደሩ ሲታመም ግን ቤተሰቡ የሚተዳደርበት ጉልበት አብሮት አልጋ ላይ ይውላል። በመሆኑም የሕዝብ ጤና አገልግሎት ገንዘብ ከየት ይመጣል፣ በማን ውሳኔ ይመደባል፣ አገልግሎቱን ለሚመሩትስ ምን ያህል ይከፈላል የሚሉት ጥያቄዎች ለሒሳብ አዋቂዎች ብቻ የሚተዉ አይደሉም። ጥያቄዎቹ በቅድሚያ የሚመለከቱት የዚያ ገንዘብ ባለቤት የሆነውን ሰፊውን ሕዝብ ነው።

ጉዳዩን በተጨባጭ ለመመርመር የብሪታንያን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ምክንያቱም ይህ አገልግሎት ከ75 ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ወጪው በዋነኛነት ከሕዝብ በሚሰበሰብ ግብር የሚሸፈን፣ በገንዘቡና በሥራ አስኪያጆቹ ደመወዝ ላይም በየጊዜው በአደባባይ ሙግት የሚካሄድበት በመሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሙግቱ ውስጥ ሁለት ድምፆች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው፣ «ገንዘቡን የሚበሉት ሥራ አስኪያጆቹ ናቸው፤ እነርሱ ከተቀነሱ የሕሙማኑ ወረፋ ያጥራል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ብቃት ያለው መሪ የሚገኘው ገበያው የሚጠይቀው ዋጋ ሲከፈለው ብቻ ነው» ሲል ይከራከራል። በእኛ እምነት ሁለቱም ድምፆች ዋናውን ጥያቄ ይሸፍኑታል። ዋናው ጥያቄ የገንዘቡ ቁልፍ በማን እጅ ነው፣ ቁልፉን የያዘውስ ሒሳቡን የሚያቀርበው ለማን ነው የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ወደ አገልግሎቱ አመጣጥ እንመለስ። በ1911 የወጣው የብሪታንያ የመድን ሕግ ሠራተኛውን ለማሳከም የሚያስችል ቢሆንም ሚስቱንና ልጆቹን አይጨምርም ነበር። በደቡብ ዌልስ በምትገኘው ትሬዲጋር በተባለች የከሰል ማዕድንና የብረት ሠራተኞች ከተማ ግን ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ፣ በመሠረቱት የሕክምና መረዳጃ ማኅበር አማካይነት ሐኪም እየቀጠሩ ቤተሰባቸውን ያሳክሙ ነበር። ገና በልጅነቱ ወደ ከሰል ጉድጓድ የወረደው አንይሪን ቤቫን ያደገው በዚህች ከተማ ነው። ቤቫን ኋላ የጤና ሚኒስትር በሆነ ጊዜ በከተማው ያየውን መረዳጃ ለአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ ለማዳረስ ተነሣ። በጥረቱም ጁላይ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራውን ጀመረ። የአገልግሎቱ መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ የሚከፍለው ጤነኛው በጤናው ዘመን ነው እንጂ ሕመምተኛው በሕመሙ ሰዓት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ይህ መሠረተ ሐሳብ ተሸረሸረ። በ1951 መንግሥቱ ለኮሪያው ጦርነትና ለጦር መሣሪያ ግንባታ ገንዘብ ባስፈለገው ጊዜ በመነጽርና በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ክፍያ ጣለ። ቤቫንም ይህን በመቃወም ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ «አገልግሎቱ ገንዘብ ያባክናል» የሚለው ክስ እየበረታ ስለሄደ በ1953 በኢኮኖሚስቱ ጊልቦ የሚመራ መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በ1956 ያቀረበው ዘገባ ከሳሾቹ የጠበቁት አልነበረም። አገልግሎቱ ከብሔራዊ ገቢው የሚወስደው ድርሻ በ1949-50 ከመቶ 3.75 የነበረው በ1953-54 ወደ 3.25 ዝቅ ብሎ ተገኘ። አባካኝ ተብሎ የተከሰሰው አገልግሎት ከአገሪቱ ሀብት ጋር ሲነጻጸር ድርሻው እየቀነሰበት ነበር ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው የብክነት ክስ በማስረጃ ሳይረጋገጥ የባጀት መቀነሻ ምክንያት ሆኖ የመቅረቡ ልማድ ሥር የሰደደ መሆኑን ነው።

የሥራ አስኪያጆቹስ ጉዳይ ከየት መጣ? እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የጤና ተቋማቱ ይመሩ የነበሩት ሐኪሞች፣ ነርሶችና የአስተዳደር ሰዎች ተመካክረው በሚደርሱበት ስምምነት ነበር። በ1983 ግን መንግሥት የሴንስበሪ የምግብ መደብሮች ኃላፊ የነበሩትን ሮይ ግሪፊትስን አማካሪ አድርጎ አስጠናና ለእያንዳንዱ ተቋም አንድ ኃላፊነት የሚሸከም ሥራ አስኪያጅ እንዲሾም ተደረገ። ቀጥሎም በ1990 የወጣው ሕግ ከ1991 ጀምሮ አገልግሎቱን በራሱ ውስጥ ገዥና ሻጭ አድርጎ ከፈለው። ገዥና ሻጭ ባለበት ውል አለ፤ ውል ባለበት ድርድር፣ የክፍያ ደረሰኝና ተቆጣጣሪ አለ። ስለሆነም የሥራ አስኪያጆች ጉልበት መጠንከር ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ሳይሆን በሕግ የተተከለ አሠራር ያፈራው ፍሬ ነው። ዛፉን የተከሉ ሰዎች ኋላ በፍሬው ላይ ጣታቸውን ሲቀስሩ መስማት የሚያስገርም ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። በእንግሊዝ የጤናው ባጀት በ2023-24 ከ180 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። የሕዝብ ሆስፒታሎችንና ሌሎች የጤና ተቋማትን የሚያስተዳድሩት ድርጅቶች ደግሞ ከ200 ትንሽ የሚበልጡ ናቸው። ለስሌት ያህል 200 ዋና ሥራ አስኪያጆች እያንዳንዳቸው በዓመት 200,000 ፓውንድ ይከፈላቸዋል ብንል ድምሩ 40 ሚሊዮን ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለአንድ ሰው ሲታይ ብዙ ነው፤ አገልግሎቱን ግን ከሁለት ሰዓት ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ብቻ ያንቀሳቅሰዋል። በየደረጃው ያሉት ሥራ አስኪያጆች ሁሉ ቢደመሩም ከጠቅላላው ሠራተኛ ከመቶ 3 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ዋና ሥራ አስኪያጆቹ ሁሉ በነፃ ቢያገለግሉ እንኳ የሕሙማኑ ወረፋ አይነቃነቅም። ወረፋውን ያስረዘመው ሌላ ነው። አገልግሎቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ባጀቱ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ በዓመት በአማካይ ከመቶ 3.6 ያህል ሲያድግ የኖረ ሲሆን፣ ከ2010 በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ግን ዕድገቱ ከዚያ ከግማሽ በታች ወረደ። በዚሁ ጊዜ ሕዝቡ በዕድሜ እየገፋ፣ የሕመሙም ዓይነት እየበዛ ሄደ።

ታዲያ የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ከባጀቱ ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል ኢምንት ከሆነ ልንተወው ይገባልን? አይገባም። ደመወዝ የገንዘብ መጠን ብቻ አይደለም፤ የኃላፊነት አቅጣጫም ነው። ሰው ፊቱን የሚያዞረው ደመወዙን ወደሚወስንለት ወገን ነው። በብሪታንያ ከ2004 ወዲህ ነርሱ፣ የጽዳት ሠራተኛውና በሽተኛ አመላላሹ የሚከፈላቸው በአገር አቀፍ የደመወዝ እርከን ነው። የከፍተኛ ሥራ አስኪያጆች ደመወዝ ግን ከዚህ እርከን ውጭ ሆኖ በየተቋሙ ቦርድ ሥር ባለ ኮሚቴ ሲወሰን ቆይቷል። ከ2011 ጀምሮ የሕዝብ አገልግሎት ሠራተኛው ደመወዝ ለሁለት ዓመት ታገደ፤ ከዚያም ለዓመታት ጭማሪው ከመቶ 1 እንዳያልፍ ተገደበ። ውጤቱም በዲሴምበር 2022 ታየ፤ ከ1916 ጀምሮ የኖረው የነርሶች ማኅበር በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ሰፊ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። ዝቅተኛው ደመወዝተኛ ቀበቶውን እንዲያጠብቅ የሚነግረው ሰው ራሱ በሌላ ሚዛን የሚመዘን ከሆነ ቃሉ የሚሰማ ጆሮ አያገኝም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ የሚመዘንበት መለኪያ ከሕመምተኛው ሲርቅ ነው። የስታፎርድ ሆስፒታል ታሪክ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ከ2005 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በዚያ ሆስፒታል ሕሙማን ለከባድ እንግልትና ቸልተኝነት ተጋልጠው ነበር። በ2013 የወጣው የፍራንሲስ የምርመራ ዘገባ እንዳረጋገጠው የሆስፒታሉ ቦርድ ትኩረት ከሕሙማኑ ደኅንነት ይልቅ ሒሳቡን በማስተካከልና የተሻለ የተቋም ደረጃ በማግኘት ላይ ነበር። ለዚህም ሲባል የሠራተኛው ቁጥር ተቀነሰ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ሲያምር በአልጋው ላይ የተኛው ሰው የሚያጠጣው አጣ። እዚህ ላይ ጥፋቱ ሥራ አስኪያጅ መኖሩ አልነበረም፤ የሚጠየቀው ለሒሳቡ እንጂ ለሰውየው አለመሆኑ ነበር።

ይህን ስንል ሥራ አስኪያጅ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። መድኃኒቱ ሳያልቅ የሚያዝ፣ የሌሊት ተረኛውን የሚደለድል፣ የተሰበረው መሣሪያ እንዲጠገን የሚከታተል ሰው ከሌለ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ለዚህ ሰው ተገቢ ክፍያ መስጠት አግባብ ነው። የማንቀበለው ሹመትን እንደ ርስት የሚቆጥረውን አስተሳሰብ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል የገዢዎች ዘመን ቅሪት ስለሆነ በሕዝብ አገልግሎት ውስጥ ቦታ የለውም፤ «ገበያው ይህን ይጠይቃል» በሚል አዲስ ልብስ ተሸፍኖ ሲመጣም ያው ነው።

መፍትሔ ተብለው የቀረቡት እርምጃዎችም አሉ። በ2011 ዊል ኸተን ያቀረቡት ጥናት ከፍተኛው ደመወዝ ከዝቅተኛው ከ20 እጥፍ እንዳይበልጥ ይወሰን የሚለውን ሐሳብ መርምሮ ጣሪያውን ሳይቀበል ቀረ፤ በምትኩ ልዩነቱ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ አለ። ከዚያ ወዲህ ተቋማቱ በዓመታዊ ዘገባቸው የከፍተኛው ተከፋይና የመካከለኛው ሠራተኛ ደመወዝ በስንት እጥፍ እንደሚለያይ ያሳውቃሉ። በማርች 2025 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር የእንግሊዝን የጤና አገልግሎት ከበላይ የሚመራው መሥሪያ ቤት ፈርሶ ሥራው ወደ ሚኒስቴሩ እንደሚመለስ አስታወቁ። ሒሳቡን ለሕዝብ መግለጽ መልካም ጅምር ነው። ጠረጴዛ ማዛወር ብቻውን ግን አንዲት ነርስ አይቀጥርም፤ የተገለጸውም ቁጥር የሚጠይቀው ሰው ካላገኘ በመዝገብ ውስጥ ይተኛል።

ይህ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ወደ ቤታችን እንመልከት። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከየባጀታቸው ቢያንስ ከመቶ 15 ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል። በአገራችን በ1998 በጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስልት መሠረት የጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ በቦርድ እየተመሩ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ የሚያስችል አሠራር ተዘርግቷል። በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አባወራውና እማወራዋ በጤናቸው ዘመን አዋጥተው በሕመማቸው ጊዜ እንዲታከሙ የሚያደርግ በመሆኑ ከትሬዲጋሮቹ መረዳጃ ጋር በመንፈስ የተዛመደ ነው። በሜይ 2025 ደግሞ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሶ በአደባባይ ተሰምቷል። እንግዲህ ገንዘቡም፣ ቦርዱም፣ የደመወዙም ጥያቄ እኛው ዘንድ አለ።

በዕድር አስተዳደር የበሰለ ሕዝብ ይህን ጉዳይ ለመጨበጥ የተለየ ትምህርት አያስፈልገውም። የዕድር ገንዘብ ያዥ ቃሉ የሚታመነው ንግግሩ ስላማረ ሳይሆን መዝገቡን በአባላቱ ፊት ስለሚከፍት ነው። ለጤና ጣቢያውና ለሆስፒታሉም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ባጀቱ በዚህ ዓመት ስንት ነው? ካለፈው ዓመትስ፣ የዋጋ ንረቱ ታስቦ፣ አደገ ወይስ ወረደ? የመሪው ደመወዝና አበል ከዝቅተኛው ሠራተኛ ስንት እጥፍ ነው? መሪውስ የተመዘነው በሒሳቡ ማማር ነው ወይስ በሕሙማኑ መዳን? በየሰፈሩ በማኅበር የተሰባሰበው ነዋሪና በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ሠራተኛ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በየስብሰባው ሳይታክት ሊያነሣ፣ መልሱንም በጽሑፍ ሊቀበል ይገባል። ባጀቱን የሚቀንሰው ወገን በሥራ አስኪያጁ ደመወዝ እንዳይከለል፣ ሥራ አስኪያጁም በባጀቱ ማነስ እንዳያመካኝ የሚያደርገው የባለቤቱ ንቁ ዓይን ነው።