ፖሊፕ ሲገኝ፡ ከአዲስ አበባው ውጤት እስከ መንዙ ኪንታሮት

«ትልቁ አንጀት ውስጥ ፖሊፕ ተገኝቷል፤ ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ ተልኳል፡፡» ከኮሎኖስኮፒ በኋላ ይህን የሰማ ሰው ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም፡፡ ይሁንና ፍርሃቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአደጋው ይበልጣል፡፡ ፖሊፕ በአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚያድግ እብጠት ሲሆን፣ አብዛኛው ካንሰር ሳይሆን ይቀራል፡፡ አዴኖማ የሚባለው ዓይነት ሊለወጥ ቢችልም ለውጡ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል፡፡ ሐኪሙ በዚያው ምርመራ ላይ በቀጭን የሽቦ ቀለበት ቆርጦ ሙሉ በሙሉ ካወጣው ደግሞ ያ ፖሊፕ ከእንግዲህ ካንሰር አይሆንም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ አንድ ወይም ሁለት ትናንሽ አዴኖማ ለወጣለት ሰው ቀጣዩን ምርመራ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ያቆየዋል፡፡ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሦስት ዓመት ነው፡፡ ስለዚህ ቁጥሩን፣ መጠኑን፣ ተጠቃሎ መውጣቱንና የፓቶሎጂውን ቃል ጠይቆ ወረቀቱን ማስቀመጥ ይበጃል፡፡

ይህ ሁሉ ግን መሣሪያው በደጁ ላለ ሰው ነው፡፡

በመሃል ሜዳ ወይም በግሼ ራቤል ያለ ገበሬ ከሰገራው ጋር ደም ቢያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኪንታሮትን ነው፡፡ ጤና ጣቢያ ቢሄድም በሰገራው የሚፈለገው አሜባና ትላትል ነው፡፡ እውነት ለመናገር ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ ችግሩ ደሙ ሳይቆም ወራት ሲያልፉም ግምቱ አለመለወጡ ነው፡፡ መሃል ሜዳም ሆነ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ሆስፒታል አላቸው፡፡ ካንሰር ሲጠረጠር ግን ጉዞው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ ጥቁር አንበሳ ነው፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ያ መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፡፡

«የመንዝ ሰው ገብስ በሊታ ነው፤ በሶና ቆሎ አንጀት ይጠርጋል» የሚል መጽናኛም አለ፡፡ መሠረት የለውም አይባልም፡፡ በኡጋንዳ ለዓመታት የሠሩት ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አፍሪካዊው ገበሬ በአንጀት ካንሰር እምብዛም የማይያዘው አሰር የበዛበት ምግብ ስለሚበላ ነው ብለው ነበር፡፡ በደጋው የሚሠራ ሐኪምም ከዕጢ ይልቅ የሚያውቀው የአንጀት መጠምዘዝን ነው፤ ሆዱ የተነፋ ሰው ሲመጣ ቀድሞ የሚታሰበው እሱው ነው፡፡ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የትልቁ አንጀት ካንሰርን በወንዶች ዘንድ ከቀዳሚዎቹ ተርታ አስቀምጦታል፡፡ ገብሱ ይጠቅማል፤ ዋስትና ግን አይሆንም፡፡

እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የተነደፈው ብሔራዊ የካንሰር ዕቅድ በቅድመ ምርመራ ረገድ ለጡትና ለማሕፀን በር ቅድሚያ ሰጥቷል፡፡ ይህ ተገቢ ነው፡፡ ለየወረዳው ኮሎኖስኮፒ ይገዛ ማለትም ናሙናውን የሚያነብ ፓቶሎጂስት በሌለበት ከንቱ ወጪ ነው፡፡ የሚቻለው ሌላ ነው፡፡ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ደም የማይቆምለት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ያለበት ወንድ «ኪንታሮት» ተብሎ ቅባት ተሰጥቶት ከመሸኘቱ በፊት ፊንጢጣው በጣት ይመርመር፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጓንት ነው፡፡

አዲስ አበባ ላይ ወረቀቱን የያዘውም ሰው ጉዳዩ በእሱ ብቻ አያበቃም፡፡ የተገኘበት ትልቅ አዴኖማ ወይም ካንሰር ከሆነ ወንድሞቹ፣ እህቶቹና ልጆቹ ከአርባ ዓመታቸው ጀምሮ መመርመር አለባቸው፡፡ ከወንድሞቹ አንዱ መንዝ ውስጥ እያረሰ ከሆነ ያንን የሚነግረው እሱ ብቻ ነው፡፡