«ዌብሳይታችን ላይ አለ» አትበሉን

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ የዛሬው ትንሽ ይረዝማል። ቡናችሁን ቀድታችሁ አንብቡት።

ባለፈው ቅዳሜ እኛ ሰፈር (ዲሲ ዙሪያ ካሉት ከተሞች በአንዷ ነው የምኖረው) ፖሊሶች የሐበሻውን ማኅበረሰብ ስብሰባ ጠርተውን ነበር። አርባ ሰው ቢሆን ነው የመጣው፤ ግማሹ እናቶች። አንድ ኃላፊ ላፕቶፑን ከፍቶ ግድግዳው ላይ ካርታ አበራ። ቀይ ነጥብ፣ ሰማያዊ ነጥብ፣ ቢጫ ነጥብ። «የምንደብቀው ነገር የለም፤ ሁሉም ዌብሳይታችን ላይ አለ» አለን። አጨበጨብን። ከዚያ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና «የኔ ልጅ፣ የልጄ መኪና መስታወት የተሰበረው የትኛዋ ነጥብ ናት?» ብለው ጠየቁ። ተተረጎመለት። «አመልክታችሁ ነበር?» አለ። አላመለከቱም። «እንግዲያው እዚህ የለችም።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። እስካሁንም ያበሳጨኛል፤ መጀመሪያ በፖሊሶቹ፣ ቀጥሎ በራሳችን።

መረጃ ዌብሳይት ላይ ማስቀመጥና ለሰው መንገር አንድ ሥራ አይደለም። ሥራዬ ዲሲ ስለሆነ በደንብ የማውቀው የዋና ከተማዋን ፖሊስ ካርታ ነው። በየቀኑ ይታደሳል፤ ማንም ሰው ዳታውን አውርዶ ራሱ መደመር ይችላል። ይሄን አላቃልልም። አገር ቤት «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን እያነበብን ስናድግ ስንት ሌባ እንደተያዘ እንጂ ስንቱ እንዳመለጠ ማን ነግሮን ያውቃል?

ግን ያንን ካርታ ለማንበብ እንግሊዝኛ ብቻ አይበቃም፤ የፖሊስ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። ነጥቧ የምታርፈው ወንጀሉ በተፈጸመበት በር ላይ ሳይሆን በብሎኩ ላይ ነው። ይሄን ያላወቀ ሰው ነጥቧን በስልኩ ፎቶ አንስቶ «እነ እገሌ ቤት ገቡ» ብሎ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። መኪና መሰረቅ አንድ ዝርዝር ነው፣ መኪና ውስጥ ያለ ዕቃ መሰረቅ ሌላ፣ አስፈራርቶ መቀማት ደግሞ ሌላ። እኛ ሦስቱንም «ተዘረፍኩ» ነው የምንለው። ድብደባ በዕለታዊው ሠንጠረዥ የሚቆጠረው በአደገኛ መሣሪያ ሲፈጸም ነው። በቡጢ ጥርሱ የረገፈ ሰው እዚያ የለም።

ይሄን በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት ስንት ብር ያስወጣል? ዲሲ ውስጥ እኮ ሕግ አለ፤ በ2004 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችልና አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለበት። አማርኛ ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ካርታ «ዋና ሰነድ» አይደለም ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። ይከራከር።

«እሱም ተገኝቶ ነው፣ አመስግን» የምትሉኝ አላችሁ። የዲሲን ታሪክ ስሙ። በ2016 የከተማዋ ምክር ቤት ፖሊስ መንገድ ላይ የሚያስቆመውን ሰው ሁሉ ዝርዝር እንዲመዘግብ ሕግ አወጣ። ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። በ2018 የሲቪል መብት ጠበቆች ከሰሱ። ምዝገባው የተጀመረው በሐምሌ 2019 ነው! ሲወጣ ምን አሳየ? ጥቁሮች ከከተማዋ ሕዝብ ከግማሽ በታች ሆነው፣ ከሚቆሙት ውስጥ ግን ከ10 ሰው 7ቱ ጥቁር ናቸው። ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ እናንተም ያው «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ውስጥ ናችሁ። ያ ቁጥር በምስጋና አልመጣም፤ በክስ ነው የመጣ።

አሁን ወደ እኛ። በነሐሴ 2025 ፕሬዚዳንቱ የዲሲን ፖሊስ በፌዴራል ቁጥጥር ሥር ሲያደርጉ የሐበሻው ፌስቡክ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ቁጥሩ ውሸት ነው» ይላል፣ ሌላው «ወንጀል ቀንሷል»። በ2023 274 ሰው ተገድሏል፤ በ2024 187። ቀንሷል፤ ያም ሆኖ 187 አስከሬን ነው። ሁለቱንም ባንድ ላይ መያዝ ምን ከበዳችሁ? ክፍል ውስጥ ሁሌ «ከስንት?» እያልኩ የምነዘንዛችሁ ለዚህ ነበር። ሬሳ መደበቅ ይከብዳል፤ የግድያ ቁጥር የሚታመነው ለዚያ ነው። የስርቆትና የቅሚያ ቁጥር ግን የሚሠራው በእኛ አፍ ነው። እኛ ዝም ካልን ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ይዋሻል።

ፓርኪንግ የሚሠራ ወዳጄ ባንድ ክረምት ሁለቴ ተቀምቷል፤ አንዱንም አላመለከተም። «ምን ሊያደርጉልኝ?» ነው መልሱ። በሌላ ቀን ደግሞ «እኛ ጋ ፖሊስ ዝር አይልም» ብሎ ያማርራል። ወንድሜ፣ የሚላኩት እኮ ነጥብ ወዳለበት ነው! ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ሲፈራ ይገባኛል፣ በዚህ ጊዜ ማንንም «አይዞህ፣ ሂድ» አልልም። አረንጓዴ ካርድና ፓስፖርት ይዞ ስንፍናውን ፍርሃት ብሎ የሚጠራውን ግን አላልፈውም።

የሚቀጥለው ስብሰባ በወሩ መጨረሻ ነው። የካርታውን ዝርዝሮች በአማርኛ እየጻፍኩ ነው፤ እነሱ እስኪያደርጉት አትሜ በር ላይ አድላለሁ፣ ኃላፊውም እጅ አንድ ቅጂ አስይዛለሁ። ሕግ የተማራችሁ ተማሪዎቼ፣ ቃላቱን የምታርሙልኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እማማ? ማክሰኞ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠን መስታወቱን አስመዘገብን። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውታል። ጠዋት ጠዋት እየደወሉ «ወጣች?» ይሉኛል። እስከ ዛሬ አልወጣችም።