ምስጋናና መብት፦ ከሮም ባሮች ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ረዘም ያለ ነው። ጊዜ ያላችሁ አሁን አንብቡት፣ የሌላችሁ ለማታ አቆዩት። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ መካከል የወረቀት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው የሮምን ታሪክ ያመጣል። «የጥንት ሮማውያን እንኳ ባሪያቸውን ነጻ አውጥተው ዜጋ ያደርጉት ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን አሥራ አምስት ዓመት አስቀምጠውን ያችኑ ጊዜያዊ ወረቀት ያድሱልናል» ይላል። ቁጭቱ የእኔም ነው። ታሪኩ ሲወራ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚወራው፤ ለእኛ የሚጠቅመው ደግሞ የቀረው ግማሽ ይመስለኛል።

መጀመሪያ እውነቱን እንስጥ። የሮም ዜጋ የሆነ ጌታ ባሪያውን በሕጉ ሥርዓት ነጻ ካወጣው፣ ያ ሰው የሮም ዜጋ ይሆን ነበር። በአቴና እንዲህ አልነበረም፤ እዚያ ነጻ የወጣ ሰው የሚኖረው እንደ መጻተኛ ነው። በሮም ግን ባለሥልጣን ፊት ቀርቦ በበትር ተነክቶ ነጻነቱ ይታወጅለታል፣ ወይም ጌታው ሲሞት በኑዛዜ ይለቀዋል። ሳንቲም ያጠራቀመ ባሪያ ዋጋውን ከፍሎ የሚወጣበትም መንገድ ነበር። መንግሥትም ከዋጋው 5 በመቶ ግብር ይወስዳል (ክፍያ የሌለው ቢሮ ያኔም አልነበረም!)። ነጻ ከወጡ በኋላ የሚወለዱ ልጆች ደግሞ ከነጻ ሰው ልጅ እኩል ናቸው። ታላቁ ባለቅኔ ሆራስ አባቱ ከባርነት የወጣ ሰው ነበር።

ታዲያ ለምን ይለቋቸው ነበር? ደግነት ጨርሶ አልነበረም አልልም። ኪኬሮ ጸሐፊውን ቲሮን ነጻ ሲያወጣ ከልቡ ይወደው ነበር። ግን ቲሮ የተማረ የቤት ሰው ነው። በማዕድን ጉድጓድና በሰፋፊው እርሻ ላይ በሰንሰለት ለሚሠራው ይህ በር ተዘግቶ ነበር ማለት ይቻላል። ለከተማው ባሪያ ግን ተስፋው ራሱ ከጅራፍ የበለጠ ያሠራዋል። ነገ እወጣለሁ የሚል ሰው ዛሬ አይጠፋም፣ አያምፅም። በእኔ እይታ ነጻ ማውጣት ባርነቱን አላዳከመም፤ እንዲያውም ዕድሜ ሰጠው።

ከወጣም በኋላ ገመዱ አይበጠስም። የጌታውን ስም ይይዛል፤ ቲሮ ማርኩስ ቱሊዩስ ቲሮ የሆነው እንዲህ ነው። ይህን ያህል ቀን እሠራልሃለሁ ብሎ ይምላል። ያለ ዳኛው ፈቃድ የቀድሞ ጌታውን መክሰስ አይችልም። በ56 ደግሞ የሮም ምክር ቤት «ውለታ ቢስ» የሆኑትን ወደ ባርነት እንመልሳቸው ወይ ብሎ ተከራክሯል። ቃሉን ልብ በሉልኝ። ክሱ ሰረቀ ወይም ገደለ አይደለም፤ አላመሰገነም ነው። ኔሮ ጉዳዩ አንድ በአንድ ይታይ እንጂ በጅምላ ሕግ አይውጣ አለ እንጂ ሐሳቡ ማንንም አላስደነገጠም።

ሦስተኛ ዓይነት ሰውም ነበር። ጌታው በወዳጆቹ ፊት «በቃ ነጻ ነህ» ብሎ የለቀቀው፣ ግን ሥርዓቱን ያላሟላ ሰው ዩኒያን ላቲን ይባላል። በሕይወት እያለ ነጻ ነው፤ ሲሞት ግን ንብረቱ ለልጆቹ ሳይሆን ለጌታው ነው። በ4 የወጣው ሕግ ደግሞ ባርነት ላይ ሳለ በጥፋት የታሰረውን ወይም ፊቱ የተተኮሰውን፣ ነጻ ቢወጣም ከሮም 100 ማይል ክልል ውስጥ እንዳይኖር ከለከለው። ከተገኘ ይሸጣል። ካምፕ ውስጥ ያለ መውጫ ፈቃድ የኖራችሁ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ሁለት ሰዎች ልምጣ። ሁለቱም በሄርኩላኔዩም ከተማ የኖሩ ናቸው። በ79 ቬሱቪዩስ ተራራ ሲፈነዳ ከተማዋ ተቀበረች፤ የእንጨት ሰነዶቻቸው ግን ተረፉ። አንደኛው ቬኒዲዩስ ኤኒኩስ ዩኒያን ላቲን ነበር። ሕጉ አግብቶ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ላሳየ ሰው ዜግነት ይፈቅዳል። ኤኒኩስ በ60 ሴት ልጁ መወለዷን በምስክር አስመዘገበ፣ ዓመት ሲሞላት አመለከተ፣ በ62 ተፈቀደለት። የሠራው ሥራ አንድ የልደት ወረቀት በጊዜው መያዝ ነው።

ሁለተኛዋ ፔትሮኒያ ዩስታ ናት። እናቷ ቪታሊስ በአንድ ባልና ሚስት ቤት ባሪያ ነበረች፤ በኋላ ነጻ ወጣች። ዩስታ አድጋ፣ እናቷም የቤቱ ጌታም ከሞቱ በኋላ፣ ባልቴቷ ካላቶሪያ «ይህችን ልጅ ነጻ ያወጣኋት እኔ ነኝ» ብላ ተነሳች። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ዩስታ የተወለደችው እናቷ ነጻ ከመውጣቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ የካላቶሪያ ነጻ አውጪነት ይጸናል፣ ዕዳውም አብሮ ይመጣል። በኋላ ከሆነ ለማንም ምንም ዕዳ የለባትም። በ75 ገደማ ጉዳዩ ሮም ድረስ ሄደ። መዝገብ ስላልነበረ ምስክር ነው የተቆጠረው። ከዚያው ቤት ነጻ የወጣ ቴሌስፎሩስ የሚባል ሰው ልጅቷ ነጻ ሆና መወለዷን አውቃለሁ ብሎ መሰከረላት። ከእሱ የሚጠበቀው ዝም ማለት ነበር። ፍርዱ ያለበት ሰነድ አልተገኘም።

የእኛ ኑሮ ባርነት ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ማለት በእውነት ባሪያ በነበሩት ላይ ማላገጥ ነው። ደግሞም በአገራችን «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም ለስድብ ይወረወራል፣ በዚህ በስደት መንደራችን ውስጥም ሰምቼዋለሁ። ያንን ሳናፍር ስለ ሮም ብናወራ አያምርብንም።

የምለው ሌላ ነው። አንድ እህት ዓረብ አገር ደመወዟ ተከልክሎ ስትጮህ «አሠሪዋ አይደል ያስገባት፣ ታመስግን» የሚለው የራሷ ዘመድ ነው። እዚህም ኮሚቴ ላይ አንድ ሰው የራሽን ጥያቄ ሲያነሳ «አስጠጉን፣ አፋችንን እንያዝ» የሚለው ከእኛው ወገን ነው። አስተናጋጁን ሕዝብ እኔም አመሰግናለሁ፤ ጎረቤቶቼ እንጀራዬን ባይወዱትም ሽሮዬን ይወዱታል። ግን ስደተኛ የሚጠበቀው በ1951ዱ ስምምነት በተፈረመ ግዴታ ነው። የተፈረመ ግዴታ ሲጠየቅ ውለታ ቢስነት አይባልም።

እና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤት ውስጥ የተወለዱ፣ ያልተመዘገቡ ልጆች በየጊቢው እንዳሉ አውቃለሁ። «ወረቀቱ ሲመጣ እናደርገዋለን» አትበሉ፤ መዝጋቢው ቢሮ ዛሬም የሚጠይቀው የክትባት ካርድና ምስክር ነው። ስትወልድ አብራችሁ የነበራችሁ ጎረቤቶች፣ ያዋለዳችሁ እናቶች፣ ስማችሁን ለመስጠት አትፍሩ። ምስክር ያጣ ቤተሰብ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።